ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ «የደረስኩበት ኮከብ ሁሉ የሰው ስም አለበት»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተለመዱ ናቸው። ቻርጀሩ አልሠራ ያለው፣ ኪቦርዱ ላይ ሻይ የደፋው፣ ፍላሹን ቫይረስ የበላበት። እነሱ ለሚቀጥለው ይቆዩኝ። ከፖሊ ግቢ የመጣውን ደብዳቤ ሳነብ ስለ ጠፈር ጌም የተጻፉትን ሌሎቹንም ለቅሜ አወጣኋቸው። ባሕር ዳርና አካባቢዋ ይህን ያህል ሰው ጋላክሲ ሲያስስ እንደሚያድር ማን ያውቃል? ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችውን የጥገና ሱቄን የምታውቁ እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ ከበረራው እንደማልቀር ታውቃላችሁ። መንኮራኩሬ «ታንኳ» ትባላለች። ስለዚህ የዛሬው አምድ ከምድር ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ እትዬ። ፖሊ ግቢ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኤሊት ዴንጀረስ የሚባለውን ጌም እጫወታለሁ። ወደ ጋላክሲው መሐል ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ግን የደረስኩበት ኮከብ ሁሉ የሰው ስም አለበት። አንዱ ፈረንጅ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይገኛል። 400 ቢሊዮን ኮከብ አለ ይላሉ። ታዲያ ለእኔ አንድ እንኳ እንዴት ይጠፋል? ቁጥሩ ውሸት ነው ወይስ እኔ መንገድ ስቻለሁ?»

መልስ፦ መንገድ አልሳትክም ወንድሜ። ችግሩም እሱ ነው።

ጌሙን ለማያውቁት አንባቢዎች ሁለት ቃል ላስቀድም። ኤሊት ዴንጀረስን የሠራው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ያለው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ ነው። የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። አንድን ኮከብ ቀድሞ ቃኝቶ ያስመዘገበ ተጫዋች ስሙ ይጻፍበታል። የራሳችንን ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ በእውነተኛ መጠኑ ነው የሠሩት። ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከዋክብት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከመዘገቧቸው የተወሰዱ ናቸው። የቀሩትን ስቴላር ፎርጅ የሚባል የኮምፒውተር ቀመር ይፈጥራቸዋል። ዝም ብሎ አይበትናቸውም። የኮከቡን ክብደትና ዕድሜ እያሰላ ነው ፕላኔቶቹን የሚደረድረው። በጌሙ ውስጥ ያለው ዘመን ደግሞ ከፈረንጅ 1286 ዓመት ይቀድማል። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን። ከባሕር ዳር ሆኖ የሚጫወት ሰው ስንት ዓመት እንደሚዘል እናንተው ደምሩት።

የ400 ቢሊዮኑ ቁጥር ውሸት አይደለም። ለዓለም ሕዝብ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ሰው 50 ሥርዓተ ኮከብ፣ ማለትም ኮከብ ከነፕላኔቶቹ፣ ይደርሰዋል። ጌሙ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ተጫዋቾች ሲዞሩ ኖረው ከመቶው አንድ እጁን እንኳ አልነኩም። አንተ የምትደርስበት ሁሉ የተያዘው ሁላችሁም በአንድ መስመር ስለምትነጉዱ ነው።

የኛን ሐይቅ አስበው። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ጠዋት ወደቡ ላይ ቆመህ ጀልባዎቹን ተመልከት። ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ፣ ከዚያ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ቡና ጠጥቶ መመለስ። እንግዳው ጣናን አየሁ ብሎ ይሄዳል። ደቅ ድረስ የሚዘልቀው ስንቱ ነው? ከዚያ አልፎ የሚሄደውማ በጣት የሚቆጠር ነው።

ጌሙም ላይ ነገሩ ያው ነው። ሰው ሁሉ የሚነሣው በፀሐያችን ዙሪያ ካለው የሰው መኖሪያ ክልል ነው። ተጫዋቾች «በብል» ይሉታል። አብዛኛው ሰው ከዚያ ተነሥቶ የሚሄደው ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ አንተ የጀመርከው ነው፤ የጋላክሲው እምብርት፣ ሳጂታሪየስ ኤ ስታር። ወደ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ይርቃል። ሁለተኛው ኮሎኒያ ነው፤ 22 ሺህ ገደማ። ኮሎኒያ የተቆረቆረችው በአደጋ ነው። ዣክ የሚባል ገጸ ባሕርይ የሚያስተዳድረው ጣቢያ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ጋላክሲው ዳር ሊዘል ተነሥቶ ሳይደርስ ቀረ። ጠፋ ተባለ። ተጫዋቾች ፈልገው ሲያገኙት መሐል መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። በዚያው ሰፈሩና ከተማ ሆነ። ዛሬ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከገበያ ቀን ይብሳል።

ካርታው ላይ መድረሻህን ነክተህ መንገድ አውጣልኝ ስትለው፣ ኮምፒውተሩ ከኮከብ ወደ ኮከብ ረጃጅሙን ዝላይ እየመረጠ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣልሃል። ለሌላውም የሚያወጣለት ያንኑ ነው። የመንኮራኩራችሁ የዝላይ ርቀት ከተቀራረበ የምታርፉትም እዚያው ኮከብ ላይ ይሆናል። ፈረንጁ ከአንተ ቀድሞ ተነሣ እንጂ ከአንተ ሩቅ አልሄደም።

ስለዚህ ወደ ቤት አትመለስ። ካለህበት ቦታ ካርታውን አዙረውና ከመስመሩ ውጣ። ወደ ጎን 500 የብርሃን ዓመት ያህል ሄደህ ከዚያ ወደ መድረሻህ ትይዩ ብትጓዝ ብዙ ነገር ይለወጣል። እኔ ግን ወደ ጎን ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ እመርጣለሁ። ጋላክሲው ጠፍጣፋ ነው። እኛ ባለንበት አካባቢ ውፍረቱ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ሰው ሁሉ የሚበረው በመሐለኛው ንጣፍ ነው። ከዚያ 400 እና 500 ከፍ ብትል ከዋክብቱ ይሳሳሉ እንጂ አይጠፉም። የሰው ስም ግን ወዲያው ይጠፋል። ዝላይህ አጭር ከሆነ ተጠንቀቅ። ከፍ ባልክ ቁጥር የሚቀጥለው ኮከብ እየራቀ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ መውጣትም መመለስም ያቅታል።

ሌላው ነገር ነዳጅ ነው። ከኮከብ ነዳጅ መቅዳት የሚቻለው ከሰባት ዓይነት ከዋክብት ብቻ ነው፤ ኬ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኤፍ፣ ኦ፣ ኤ እና ኤም። ብልህ ተጓዥ ሁሉ ካርታውን እነዚህን ብቻ አሳየኝ ብሎ ያጣራዋል። መሐል ጠፈር ላይ ደርቆ መቅረት ማን ይፈልጋል? የሚያጣሩት ሲበዙ ታዲያ ነዳጅ የማይሰጡት ከዋክብት ሳይጎበኙ ይቀራሉ። ቡናማ ድንክ የሚባሉት ኤል፣ ቲ እና ዋይ ከዋክብት በብዛት ማንም ያላያቸው ናቸው። ታንክህን ሞልተህ በአንድ ዝላይ ግባ፣ ቃኝተህ በሌላው ውጣ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ምንም የላቸውም። የበረዶ ድንጋይ ነው የምታገኘው። ለገንዘብ ከሆነ አይመከርም። ለስም ከሆነ ግን እንደነሱ ያለ የለም።

ኒውትሮን ኮከብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሁለቱ ጫፎቹ በሚወጣው ጨረር ውስጥ ገብተህ ስትወጣ የሚቀጥለው ዝላይህ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚቸኩል ሁሉ ከአንዱ ኒውትሮን ወደ ሌላው ነው የሚዘለው። በትልልቆቹ መንገዶች ላይ ስም የሌለበት ኒውትሮን ኮከብ ስትፈልግ አትዋል።

አሁን እኔ አብዝቼ የምጠቀምበትን ልንገርህ። ይህቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። ቀመሩ የፈጠራቸው ከዋክብት ስማቸው እንደ መኪና ታርጋ ነው። ኮሎኒያ ከተማ ሳትሆን በፊት ስሟ «ኢኦል ፕሩ አርኤስ-ቲ ዲ3-94» ነበር። ኢኦል ፕሩ የክልሉ ስም ነው። ቀጥለው የመጡት ፊደላት ክልሉ ውስጥ ያለችውን ሣጥን ይነግሩሃል። ለብቻዋ የቆመችው ትንሿ ፊደል፣ እዚህ ላይ ዲ፣ ክብደት ናት። ከኤ እስከ ኤች ትሄዳለች፤ ኤ ቀላሉ፣ ኤች ከባዱ። የመጨረሻው ቁጥር በዚያች ሣጥን ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ የቆምክበትን ኮከብ ስም ገልብጠህ መፈለጊያው ላይ ጻፈውና የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ቀይራት። 94 የነበረውን 93 አድርገው። 57 አድርገው። ካርታው ላይ በዓይንህ ተንከራትተህ የማታገኘው ኮከብ ይመጣልሃል። መንገድ አውጪው ኮምፒውተር ለመድረሻው ስለማይመቹት ያለፋቸው ናቸው። «ዲ» የሚል ያለባቸውን እወዳለሁ። በክብደት ከፀሐያችን ጋር የሚቀራረቡና ከፍ የሚሉ ከዋክብት እዚያ ይበዛሉ፤ ውኃ ያለበት ፕላኔት የማግኘት ዕድልም አለ። አንድ ሣጥን ይዤ ከ0 ጀምሬ እቆጥራለሁ። ደንበኛ ሲመጣ አቁሜ ቁጥሯን ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋታለሁ።

እምብርቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ከዋክብቱ ስለሚጨናነቁ አንድ ዝላይ በምትሸፍነው ርቀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ አለ። ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ራሱ ጋ ሰልፍ አለ። ከእሱ ጥቂት መቶ የብርሃን ዓመት ወደ ታች ውረድና እየው።

ስም የተጻፈበት ሥርዓት ስታገኝም ተናደህ አትውጣ። በጌሙ ሕግ «መጀመሪያ ያገኘው» እና «መጀመሪያ ካርታ ያነሣው» የተለያዩ ናቸው። ብዙው ሰው ቀንደ መለከቱን ነፍቶ ይሄዳል። ተጫዋቾች የመጀመሪያውን ፍተሻ በድምፁ ምክንያት እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ፕላኔቱ ድረስ ሄዶ መቃኛዎቹን ተኩሶ ካርታ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ያ ስም ክፍት ነው። ኦዲሲ የሚባለው ጭማሪ በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ስም መጥቷል፤ መጀመሪያ በእግሩ የረገጠው።

የምን መንኮራኩር እንዳለህ አልጻፍክልኝም። አቅምህ ካልፈቀደ ዳይመንድባክ ኤክስፕሎረር ግዛ። ባዶዋ ከ2 ሚሊዮን ክሬዲት በታች ናት፣ ቶሎ አትሞቅም፣ ሩቅ ትዘላለች። መልኳ አያምርም። ነዳጅ መቅጃውን ትልቁን ግጠምላት። መሣሪያውን አውጣው፤ እዚያ የሚጣላህ የለም።

ጥያቄ፦ «እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ስም የሌለበት ሥርዓት አግኝቼ በደስታ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው። ቆይቼ ተመልሼ ሳየው የሌላ ሰው ስም ተጽፎበታል። ተሰረቅሁ ወይ? — ከጎንደር»

መልስ፦ አልተሰረቅክም፣ ተቀደምክ። በዚህ ጌም ኮከብ የሚጻፈው መጀመሪያ ላየው ሰው አይደለም። መረጃውን መጀመሪያ ወስዶ ለሸጠው ነው። ዩኒቨርሳል ካርቶግራፊክስ የሚባል ቢሮ አለ። የቃኘኸውን እዚያ ካላስረከብክ በጌሙ ዓይን ምንም አላየህም። አንተ ከማየትህ በፊት ሌላ ሰው አይቶት መረጃውን ይዞ እየዞረ ሊሆንም ይችላል። ባዶ ሆኖ ያየኸው ኮከብ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

በ2020 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ የተጫዋቾች መርከቦች ከመጡ ወዲህ ይህ ቀሏል። አንዳንዶቹ ቢሮውን በላያቸው ይዘው ሩቅ ቦታ ይቆማሉ። በመንገድህ ካገኘህ እዚያ ሽጥ። ከዋጋው ትንሽ ይቆረጥብሃል፤ ስምህ ግን ይጻፋል።

ዋናው ነገር፣ መንኮራኩርህ ከፈነዳ ያልሸጥከው ሁሉ ይጠፋል። ወራት የዞሩ ሰዎች መግቢያው በር ላይ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ተላትመው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ስበቱ የበዛ ፕላኔት ላይ ማረፍም እንደዚያው ነው። ከማረፍህ በፊት የስበቱን ቁጥር እይ። ከ2 በላይ ካለ ቀስ ብለህ ውረድ። ቢቀርብህም ምንም አይጎድልብህም።

ጥያቄ፦ «እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። ሌሊት ከኮምፒውተር አይነሣም። ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ አባዬ ኮከብ አለኝ፣ በስሜ ተመዝግቧል ይለኛል። ለዳታ ደግሞ ብር ይጠይቀኛል። ኮከቡ ይሸጣል ወይ? ካልተሸጠ ምን ይጠቅመዋል? — አባት፣ ከሽምቢጥ»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አይሸጥም። ለመረጃው በጌሙ ውስጥ ክሬዲት ይከፈለዋል፤ ክሬዲቱ ወደ ብር አይመነዘርም። ስሙ ግን እውነት ተመዝግቧል። የድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ነው የተቀመጠው። ጌሙ እስካለ ድረስ ጃፓን ያለ ሰው እዚያ ኮከብ ጋ ቢደርስ የልጅዎን ስም ያያል። አልዋሸዎትም።

ስለ ዳታው እንዲህ ያድርጉ። ይህ ጌም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፣ ብቻውን ቢጫወትም። ግን ኪስ የሚያራቁተው መጫወቱ አይደለም። ጌሙን ማውረዱና ማደሱ ነው፤ በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ነው የሚወርደው። እሱን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርደው። ከዚያ በኋላ የሚፈጀው ቪዲዮ ከማየት በእጅጉ ያነሰ ነው። ከዚህ በላይ ዳታ ካስፈለገው ሌላ ነገርም ያያል ማለት ነው።

ይጠቅመዋል ወይ ላሉኝ፣ ራስዎ ይፈትኑት። ራት ላይ ይጠይቁት። ሰማያዊው ኦ ኮከብ እና ቀዩ ኤም ኮከብ ማንኛው ቀድሞ ይሞታል? ለምን? ትክክለኛው መልስ ኦ ነው። ከፀሐይ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ነዳጁን ግን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ያቃጥለዋል። ትንሹ ቀይ ኮከብ ቆጥቦ ስለሚያነድ ከጠቅላላው ጽንፈ ዓለም የእስካሁን ዕድሜ በላይ ይቆያል። ይህን ጌሙ የፈጠረው አይደለም፤ የሥነ ፈለክ ትምህርት ነው። ልጅዎ ነዳጅ ሲቀዳ በየደቂቃው የሚያያቸው ፊደላት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯቸው ናቸው። ከመለሰልዎት ገንዘብዎ ሜዳ ላይ አልፈሰሰም። ካልመለሰ እየተኮሰ ነው የሚያድረው፤ ይከልክሉት።

እንቅልፉን በተመለከተ እኔ እናት ነኝ፣ ሌላ ነገር አልልም። በሥራ ቀን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ይዝጋው። ኮከቡ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ «ላፕቶፕ የለኝም። ጎርጎራ ነው የምኖረው። ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። እናንተ ስለ ጌም ስታወሩ እኔ እውነተኛውን ነው የምመኘው። ማንም ያላየውን ማየት በስልክ ይቻላል ወይ እትዬ?»

መልስ፦ ይቻላል፤ ከሁሉም የወደድኩት ያንቺን ጥያቄ ነው።

ፕላኔት ሀንተርስ ቴስ የሚባል ሥራ አለ። ዙኒቨርስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። በነፃ ነው። ቴስ የናሳ ቴሌስኮፕ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. መጠቀ። የከዋክብትን የብርሃን መጠን ሳያቋርጥ ይለካል። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ትንሽ ይቀንሳል። አንቺ የምታዪው ነጠብጣብ የሞላበት ሥዕል ነው። ወደ ታች የወረደ ጎድጎድ ያለ ቦታ ስታዪ በጣትሽ ምልክት ታደርጊበታለሽ። በቃ። ኮምፒውተር የሚያልፈውን የሰው ዓይን ይይዘዋል። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው ግን ቋንቋ አይፈልግም ማለት ይቻላል።

ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ከዚህ በፊት በኬፕለር ቴሌስኮፕ መረጃ ላይ ይኸው ፕላኔት ሀንተርስ በ2012 እ.ኤ.አ. ፒኤች1ቢ የተባለውን ፕላኔት አስገኝቷል። ያዩት ተራ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፕላኔቱ ሁለት ከዋክብትን ይዞራል። ከሩቅ ደግሞ ሌሎች ሁለት ከዋክብት አሉ። አራት ፀሐይ ያለበት ሰማይ ነው።

ለጌመኞቹም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2017 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ትራፒስት-1 በምትባል ደብዛዛ ኮከብ ዙሪያ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉ ተነገረ። 40 የብርሃን ዓመት ያህል ነው የምትርቀን። የኤሊት ሠሪዎች ጌሙ ውስጥ ሊያስገቧት ቦታዋን ሲፈልጉ፣ ስቴላር ፎርጅ ቀድሞውኑ እዚያው አካባቢ ሰባት አካላት ያሏት ደብዛዛ ኮከብ ፈጥሮ አገኙት። እሷኑ አስተካክለው ስሙን ሰጧት። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል። እኔ ቀመሩ ጥሩ ተሠርቷል እላለሁ።

እስከዚያው ስልክሽ ላይ ስቴላሪየም ጫኚ። ስልኩን ወደ ሰማይ ስትዘረጊው የኮከቡን ስም ይነግርሻል። አንቺ ደግሞ ባሕር ዳር ያለነው የሌለን ነገር አለሽ። እኛ ሐይቁ በስተሰሜናችን ነው፤ በስተደቡብ የመንገድ መብራትና ሕንፃ ነው። አንቺ ሰሜን ዳርቻ ላይ ስለሆንሽ ወደ ደቡብ ስትዞሪ ውኃ እንጂ መብራት የለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ፣ ጨረቃ በሌለችበት ቀን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ዳርቻው ላይ ቁሚ። ከደቡብ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነጭ ጭጋግ ታያለሽ። እሱ ፍኖተ ሐሊብ ነው። በጣም የወፈረበት ቦታ የጋላክሲው እምብርት ያለበት አቅጣጫ ነው። የፖሊው ልጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። መሐሉ ላይ የፀሐይን አራት ሚሊዮን እጥፍ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ምስሉን በ2022 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳይተውታል። በዓይንሽ አታዪውም፤ መሐል ላይ ያለው አቧራ ይጋርደዋል። የት እንዳለ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ «እኛ ወንድማማቾች ነን። ኖ ማንስ ስካይ በፕሌይስቴሽን እንጫወታለን። አንድ ፕላኔት አግኝተን ጣና ብለን ሰየምነው። አዲስ አበባ ያለው የአጎታችን ልጅ ግን የለም አለን። የት ገባ?»

መልስ፦ አልጫናችሁትም ማለት ነው። በዚህ ጌም ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል። ግን ያገኛችሁት ሁሉ ኮንሶላችሁ ውስጥ ይቀራል። ኔት ሲኖር የግኝቶች ገጽ ላይ ግቡና ሥርዓቱን፣ ፕላኔቱን፣ እንስሳውን አንድ በአንድ ላኩ። ለያንዳንዱ ናኒት የሚባለው የጌሙ ገንዘብ ይከፈላችኋል፤ እሱም አይናቅም።

ከዚያ ደግሞ የአጎታችሁ ልጅ ቦታውን በስም ብቻ አያገኘውም። እዚህ ጌም ውስጥ ከ18 ኩዊንቲሊየን በላይ ፕላኔት አለ፤ 18 ብላችሁ 18 ዜሮ ጻፉ። ጋላክሲውም አንድ አይደለም። አድራሻውን ላኩለት። ፎቶ ማንሻውን ስትከፍቱ ታች ጥግ ላይ 12 ምልክቶች ይታያሉ። እነሱን ፖርታል በሚባለው የጌሙ መሸጋገሪያ በር ያስገባና ይመጣል፤ ምልክቶቹን ቀደም ብሎ ከሰበሰበ ነው እንግዲህ።

ያልተነካ ሥርዓት ማግኘት እዚህ ጌም ላይ ችግር አይደለም። የሚያስቸግረው የተነካ ማግኘት ነው። ሰው ያላየው ልዩ ነገር ካማራችሁ ወደ ቀዮቹ፣ አረንጓዴዎቹና ሰማያዊዎቹ ከዋክብት ሂዱ። ለእነሱ ሞተሩ ላይ ተጨማሪ ዕቃ መግጠም ስለሚያስፈልግ ጀማሪው አይደርስባቸውም። ብጫዎቹ ላይ ብቻ ስትዞሩ ከርማችሁ ከሆነ ገና ምኑንም አላያችሁም።

ጥያቄ፦ «ኤሊት ስጫወት መብራት ይሄድብኛል። አንዴ ደግሞ ነዳጅ አልቆብኝ ሩቅ ቦታ ቆሜ ቀርቻለሁ። የሰበሰብኩት ሁሉ ይጠፋል? — ከዘጌ»

መልስ፦ መብራት ሲሄድ አይጠፋም። የቃኘኸው እዚያው በዚያው ድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። መብራት ሲመጣ ስትከፍተው የነበርክበት ሥርዓት ውስጥ ነህ። ከተቻለ ግን ቡና ልትጠጣ ስትነሣ ፕላኔት ላይ አርፈህ ተነሣ። ኮከብ አጠገብ ሆነህ አትተወው፤ ሙቀቱ መንኮራኩርህን ይበላታል።

ነዳጁ ሌላ ጉዳይ ነው። የኦክስጅን መቁጠሪያው ከጀመረ ምንም አትሞክር። ወዲያውኑ ወደ ዋናው ሜኑ ውጣ። ስትወጣ መቁጠሪያው ይቆማል። ከዚያ ፊውል ራትስን ጥራ። ተጫዋቾች ናቸው፤ ሥራቸው ነዳጅ ላለቀበት ነዳጅ ማድረስ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ ገብተህ በጌሙ ውስጥ የምትጠራበትን ስምና ያለህበትን ሥርዓት ጻፍላቸው። መቁጠሪያው ጀምሮ እንደነበር መጀመሪያ ንገራቸው፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል። እስኪደርሱ ተመልሰህ አትግባ፤ ግባ ሲሉህ ነው የምትገባው። ብዙ ሺህ የብርሃን ዓመት ብትርቅም ይመጣሉ፣ ሰዓታት ሊፈጅባቸው ይችላል። ክፍያ አይቀበሉም። ላፕቶፕህ ባትሪ እንዲኖረው ብቻ አድርግ።